እንብላ ያልኳት የፊልም ልጅ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፊልም ክበብ ውስጥ ፊልም እያየን፣ ፊልሙ ውስጥ በር ላይ የቆመችው ልጅ ወጣችና ከኔ ጋር ቆሎ በላች።

የጠራኋት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ፊልሙ የድሮ ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ቲቸር አስናቀ ከጓደኛው በፍላሽ ተውሶ ነው ያመጣው። የክበባችን ክፍል በፊት ላብራቶሪ ነበር። መስኮቱን በካርቶን ሸፍነን፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ በፕሮጀክተር ነው የምናየው። የፊልሙን ቋንቋ እኛ አናውቀውም። ቲቸር አስናቀ ደስ ሲለው ይተረጉምልናል፣ ካላሰኘው ደግሞ "ዝም ብላችሁ እዩ" ይለናል።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ካሜራው የጠረጴዛው አንደኛው ጫፍ ላይ ነው። ለኛ በጣም የሚቀርበው ትልቅ የሾርባ ሳህን ነው፤ እንፋሎቱ ሁሉ ይታያል። ከሳህኑ ወዲያ ቤተሰቡ ግራና ቀኝ ተቀምጦ እየበላ ስለ መሬት ይጨቃጨቃል። ከጠረጴዛው ማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ በር አለ። በሩ ላይ ትሪ የያዘች ልጅ ቆማለች። እኔን ታክላለች። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ነይ የሚላት ሰው የለም። እሷም አንድ ቃል አትናገርም።

ቲቸር አስናቀ እዚህ ጋ አቆመው።

"ሌላ ፊልም ላይ ቅርቡ ሲጠራ ሩቁ ይደበዝዛል አይደል? እዚህ ግን እዩ። ማንኪያውም ጥርት ብሏል፣ የልጅቷ የጫማ ክርም ጥርት ብሏል። ካሜራማኑ ቤቱን በመብራት አጥለቅልቆ፣ የካሜራውን ቀዳዳ አጥብቦ ነው እንዲህ ያመጣው። ብዙ ልፋት ነው። ለምን ለፋ?"

እጄን አወጣሁ።

እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ ስሜ ሲጠራ እንኳን "አቤት" የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ሲትራ ነበረች። አሁን ግን ራሴ፣ "እንዳላየ መሆን እንዳይቻል ነው ቲቸር" አልኩ። "ብትደበዝዝ ኖሮ ሰዎቹ 'አላየናትም' ይሉ ነበር። አሁን ግን ከሾርባው እኩል እየታየች ነው ዝም ያሏት። ካሜራው ደግሞ ወዴት እንደምናይ አይነግረንም። ሾርባውን ብቻ ካየን ምርጫው የኛ ነው።"

ቲቸር አስናቀ "ዘሀራ፣ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ላይ ይህን ፊልም የምታቀርቢው አንቺ ነሽ" አለኝ። "አዳራሽ ውስጥ፣ በማይክ።"

"ቲቸር ኧረ!" አለ ነቢል ከኋላ። "እሷ ማይክ ስትይዝ ማይኩ ራሱ ነው የሚንቀጠቀጠው!"

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

ፊልሙ ቀጠለ። ከቦርሳዬ ቆሎ አወጣሁ፤ ግቢ በር ላይ በሲኒ የሚሰፈረው፣ ሱፍ ያለበት። ዘገን አድርጌ ወደ አፌ ሳደርስ ዓይኔ ከልጅቷ ዓይን ጋር ገጠመ። ሰው እያየሽ ዝም ብለሽ መብላት ደግሞ ነውር ነው።

"እንብላ" አልኳት። አስቤበት አይደለም፣ አፌ ስለለመደ ነው።

"ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" አለች ከሩቅ።

"በሞቴ" አልኳት።

ትሪዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና መጣች። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ቶሎ አልደረሰችም። በሰዎቹ ወንበር ጀርባ ጀርባ እየሄደች፣ እየቀረበች፣ እየተለቀች መጣች። የሾርባውን ሳህን እንዳትነካው ዞረችና ከአንሶላው ወረደች። ሲትራ ጠጋ አለችላት፤ መሀላችን ተቀመጠች። ቆሎው እጇ ላይ ሲያርፍ ግራጫ ሆነ። እሷም ሙሉ በሙሉ ግራጫ ናት።

"ይስጥልኝ" አለች። ፊልሙ ውስጥ ተናግራ ስለማታውቅ የፊልሙን ቋንቋ አልተማረችም። የምትናገረው የኛን ነው።

"ስምሽ ማነው?" አላት ነቢል።

"የለኝም።"

"ፊልም ሰርተሽ ስም የለሽም? እኔ ፊልም ሳልሰራ ሰፈር ውስጥ ሦስት ስም አለኝ።"

"ማን ማን?" አለች ሲትራ።

"ሁለቱ አይነገሩም።"

ቲቸር አስናቀ መብራት አበራ። "ትመለሻለሽ?" አላት።

"ይህን ልጨርስ" አለች፣ ቆሎውን እያሳየችው።

ቆሎውን ጨረሰች። አልተመለሰችም። ፊልሙን ከመጀመሪያው ብናየው በሩ ባዶ ነው፤ ትሪው መሬት ላይ ቀርቷል። ሰዎቹ ይበላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። በቃ፣ ደህና ቤተሰብ ነው የሚመስሉት። ነቢል ከፍላሹ ስልኩ ላይ ገልብጦት የነበረውን ኮፒ ከፈተ። እዚያም የለችም።

ቲቸር አስናቀ ወደ ውጪ ጠራኝ። "ዘሀራ፣ ፊልሙ የሰው ነው፤ እንዳመጣሁት ነው የምመልሰው። እስከ ቅዳሜ ካልገባች ደግሞ የምታቀርቢው ነገር የለም። ሰዓቱን ለድራማ ክበብ እሰጠዋለሁ።"

"ላስገድዳት ነው ቲቸር?"

"ማስገደድ አላልኩም። እንግዳዋ ያንቺ ናት።"

እንግዳዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ባጃጁ ውስጥ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀላት። አንድ ሽማግሌ "ከበሽታ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ከፊልም ነው" ስላቸው "አላህ ያሽራት" አሉ።

እናቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ነው የምትሰራው፤ ቀለም የለቀቀ ነገር ብርቋ አይደለም። በር ላይ ቆማ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"የማን ልጅ ናት ዘሁ?"

"የፊልም ናት እማ።"

"ወይ ጉድ! እዚያ ቅባት የለም እንዴ? አመዷ ቡን ብሏል እኮ!" ቫዝሊን አምጥታ ፊቷንና እጇን ቀባቻት። ልጅቷ ያው ግራጫ ናት፣ ግን አብረቀረቀች። "አብሽሪ የኔ አበባ። በይ ቁጭ በይና ብዪ።"

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እናቴ ክንዷን ይዛ እስክታስቀምጣት ድረስ አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች በኋላ ግን በላች! ሽሮውን በላች፣ የኔንም ጎን በላች፣ እናቴ ስትጨምርላት ያንንም በላች። ስትጨርስ ሳህኑን እያየች፣ "የሾርባ ሽታ ብቻ ነበር የማውቀው" አለች።

በማግስቱ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ አትደበዝዝም። ሩቅ ስትሄድ ታንሳለች እንጂ አትደበዝዝም። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ጫፍ ላይ ስትቆም ሌላው ልጅ ሁሉ ሹራብ ብቻ ነው የሚመስለው፤ የሷ ግን ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል። ረፍት ሰዓት ላይ ተማሪው ሁሉ "ወደዚያ ሂጂ! አሁንም ሂጂ!" እያለ ከሜዳው ወዲያ ያለው ተራራ ስር ድረስ ላካት። እዚያ ሆና ስትስቅ ጥርሷ መሀል የገባውን ሱፍ አየነው። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ጮኬ አላውቅም!

ሐሙስ እሷን ተጠቅሜ ንግግሬን ተለማመድኩ። እሷ ሜዳው ማዶ ትቆማለች፣ እኔ ከዚህ እናገራለሁ። ከተሰማት እጇን ታነሳለች። መጀመሪያ አልተነሳም። "ከሆድሽ አውጪው እንጂ፣ ምን ታንሾካሹኪያለሽ!" አለች ሲትራ። ጮክ አልኩ። አሁንም አልተነሳም። በሦስተኛው እጇ ብድግ አለ፣ የጥፍሯ ቅርጽ ሁሉ እየታየኝ። ሲትራ አቅፋኝ ዘለለች።

አርብ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ጠየቅኳት።

"ነገ ትመለሻለሽ?"

"ካልተመለስኩ ምን ይሆናል?"

"ንግግሬ ይቀራል። ቲቸርም ፊልሙን እንደጎደለ ነው የሚመልሰው።"

"ከተመለስኩስ?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። "ትቆሚያለሽ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ቶሎ ነው ያለችው፣ ውሃ አምጪ የተባለች ነው የምትመስለው። "ላንቺ ከሆነ እመለሳለሁ። ጥሩ ነው የምትናገሪው።"

ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ስላለኝ ፈራሁ። ቤት ስንደርስ እናቴ ሦስት ሳህን አቅርባ ነበር፣ እኔ ግን መብላት አቃተኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር ያላገኙ እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ የፊት ረድፍ ላይ ነጠላዋን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አድርጋ ቦታ ይዛለች፤ ለማን እንደሆነ ሲጠይቋት "ለልጄ" ትላለች። እኔ ግን ማይኩ ጋ ነኝ፣ ወንበር አያስፈልገኝም።

ቲቸር አስናቀ ፕሮጀክተሩን ከፈተ። ሾርባው መጣ፣ እንፋሎቱ መጣ፣ ጭቅጭቁ መጣ። ሩቅ ላይ ያለው በር ባዶ ነው። ልጅቷ መድረኩ ላይ ከወጠርነው አንሶላ ስር ቆማ አየችኝ። ቀሚሷን አስተካከለች። እግሯን አነሳችና ፊልሙ ውስጥ አስገባች። የሾርባው እንፋሎት ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈነች።

ማይኩ፣ ነቢል እንዳለው፣ ራሱ ተንቀጠቀጠ።

"ተቀመጪ!" አልኩ።

ስፒከሩ አዳራሹን አናወጠው። ግድግዳውን ተደግፈው የነበሩት እናቶች በሙሉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ግን አልገባትም፤ አንድ እግሯ ፊልሙ ውስጥ፣ አንዱ መድረኩ ላይ ሆኖ ዞር አለች።

"አንቺን ነው! ውረጂና እማ ጋ ተቀመጪ!"

እናቴ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ልጅቷ ወርዳ ተቀመጠች።

ቲቸር አስናቀ ከፕሮጀክተሩ ጋ እጁን አወናጨፈብኝ፣ "ምን እየሰራሽ ነው?" የሚል ይመስላል። የምናገረውን አላውቅም። ግን አፌ ተከፈተ፣ ድምፄም ወጣ! ሜዳ ማዶ የሚደርሰው ድምፄ!

"ወላጆቻችን፣ ይቺ ልጅ እዚያ በር ላይ ነበር የምትቆመው" አልኩ። "ካሜራማኑ ያንን ሁሉ መብራት ያበራው እሷ እንድትታይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች ግን አላዩም። እኛ አየናት፣ ስለዚህ ጠራናት። አሁን ንግግሬ ምን ላይ እንደሚሆን አላውቅም። እስቲ በሩን እዩት። ሾርባውን ተዉትና በሩን እዩት።"

አዳራሹ በሙሉ በሩን አየ። ነቢል እንኳን አላሾፈም። ሲትራ ከመሀል ብድግ ብላ አውራ ጣቷን አሳየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ሰው ወዳልኩት ቦታ እንዲያይ አደረግኩት!

ሲታይ፣ ከበሩ ኋላ ኮሪደር አለ። ልጅቷ በሩ ላይ ስትቆም ጋርዳው ነበር፤ ማክሰኞ ባዶውን በር ስናይም ዓይናችን የሚፈልገው እሷን ብቻ ነበር። ኮሪደሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማለቂያ የለውም። ግድግዳውን ይዘው ልጆች ተሰልፈዋል። ሁሉም ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ እኔን ታክላለች። ከሷ ኋላ ያለችው ታንሳለች፣ ከዚያ ኋላ ያለችው ደግሞ የክብሪት እንጨት ታክላለች፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጤፍ ይሆናሉ። ግን አንዷም አልደበዘዘችም። ጤፍ የምታክለዋ ልጅ የአንገቷ ቁልፍ ተበጥሷል፤ ክሩ ይታያል። ካሜራማኑ መብራቱን እስከዚያ ድረስ አብርቶታል።

"ስንት ናቸው?" አለቻት እናቴ፣ በሹክሹክታ።

"ዞሬ አይቼ አላውቅም" አለች ልጅቷ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ወደ በሩ ወጣችና ቆመች። ቀና ብላ አዳራሹን አየች። ከኋላዋ ያለችው አንድ እርምጃ ተጠጋች፣ ከዚያ ኋላ ያለችውም፣ ከዚያ ኋላ ያለችውም።

ቲቸር አስናቀ ሮጦ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀለው። አንሶላው ነጭ ሆነ። የእርምጃቸው ድምፅ ግን ከአንሶላው ኋላ ከአንዷ ወደ አንዷ ገና እየተላለፈ ነው፤ እየራቀ፣ እያነሰ፣ እያንዳንዱ ጥርት ብሎ እየተሰማ።