የብረት ግመሎቹ መጨረሻ

እቴነሽ ውሸት አትወድም። የሚጠራጠር ካለ ጭሮ መናኸሪያ ሄዶ ይጠይቅ፤ ይኸው ስንት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ፣ በሞላ መኪና ላይ «ወንበር አለ» ብላ መንገደኛ አሳስታ አታውቅም። በሕይወቷ የዋሸችው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1995 ዓ.ም.። ችግሩ፣ የዋሸችው ለከተማው በሙሉ መሆኑ ነው።

ያ ዓመት ሞቶ ተቀብሯል ብላ ስትኖር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በደማቅ ቀለም ታትሞ የመናኸሪያው በር ላይ ተለጥፎ አገኘችው። «የ1995 የሳይንስ ፊልሞች ሲታወሱ! እሁድ ከሰዓት፣ በወጣቶች አዳራሽ። ያኔ ያመለጡን መጨረሻዎች በሙሉ ይታያሉ!» አንብባ ስትጨርስ ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር። እቴነሽ ትኬት የምትሸጥበት የጋሽ ታደሰ ቪዲዮ ቤት ፊልም የሚያስመጣው ከድሬዳዋ ነው፤ ካሴቱ እኩለ ቀን ላይ በአውቶቡስ ይደርሳል፣ አሥር ሰዓት ላይ በሚያልፍ መኪና ይመለሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ፊልሙ ይከፈታል፤ ዘጠኝ ተኩል ሲል፣ ልክ ነገሩ ሲጦፍ፣ መብራቱ ድርግም ይላል። እንግሊዝኛውን የሚሰማ ስላልነበረ ሕዝቡ ፊልሞቹን የሚጠራቸው ባየው ነገር ነው፤ «ራሰ በራዎቹ»፣ «የሚበረው ድስት»፣ «የብረት ግመሎቹ» እያለ። የአንዳቸውንም መጨረሻ ያየ ሰው ጭሮ ውስጥ አልነበረም።

የመጀመሪያ ቀን መብራቱ ሲጠፋ ሰዉ ወንበር ማንሳት ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ላብ በላብ ሆነው፣ «ቆይ! ቆይ! እቴነሽ ለሙከራ ስትከፍተው እስከ መጨረሻው አይታዋለች፤ እሷ ትነግራችኋለች!» አሉ። እቴነሽ ያየችው የቪዲዮ ቤቱን ወለል ነው፤ ስትጠርግ። ግን ያ ሁሉ ሰው አፍ አፏን ሲያያት ጊዜ አፏ ራሱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ አልተዘጋም። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ጀግናው አይሞትም። ጀግናው የሞተ ለታ ወንበር ይሰበራል።

ፖስተሩን የለጠፈው ዚያድ የሚባል የኮሌጅ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ነገርን አጣርቶ ካልጨረሰ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው። በዚያው ዕለት ትኬት መቁረጫዋ መስኮት ድረስ መጣ።

«እትዬ እቴነሽ፣ እርስዎ የክብር እንግዳችን ነዎት። ፊልሞቹን አንድ በአንድ አግኝቻቸዋለሁ።»

«1995 ስትል በፈረንጅ ነው አይደል?» አለች፣ የቀራትን ተስፋ ሰብስባ። «በፈረንጅማ ከሆነ ሌላ ፊልም ነው። እንዳትሳሳት ብዬ ነው።»

«አስልቼዋለሁ። ሰባትም ስምንትም ደምሬ ነው የፈለግኳቸው።»

የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ መሳሳት በሚገባው ቦታ እንኳ አይሳሳትም።

እስከ እሁድ እህል አልወርድ አላት። መናኸሪያው «እቴነሽ ካለች አለች ነው» ይላል፤ ሀብቷም ንብረቷም ይህች ቃል ናት። እሁድ ዕለት ይህ ስም በሕዝብ ፊት ገደል ሊገባ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቃት። ከፊት ወንበር ላይ፣ ከጭሮ ቦርደዴ በሚሠራው የሚኒባስ ሹፌር በጅብሪል አጠገብ አስቀመጧት። ከጅብሪል የበለጠ የምትፈራው ሰው አልነበረም። ሰውየው የብረት ግመሎቹን፣ እሷ ካወጣችለት መጨረሻ ጋር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ለተሳፋሪዎቹ ሲያወራ ኖሯል፤ ጭሮን ሲለቅ ይጀምረዋል፣ ሚኤሶ ላይ ጦርነቱ ይጋጋላል፣ ቦርደዴ ሲገባ ያልቃል።

«አቦ እቴነሽ፣ ዛሬ ጀግናው ከራሱ ተዝካር ላይ ሲደርስ በዓይኔ ላየው ነው» አላት፣ እጁን እያፋተገ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዚያድ «ከሁሉም የተወደደውን እናስቀድም» ብሎ የብረት ግመሎቹን ከፈተ። ቤት የሚያካክሉ የብረት ግመሎች ማርስ ላይ ያለውን ከተማ ረገጡት። ጀግናው ሰውዬ በዋሻ ሾልኮ የግመሎቹ አለቃ የሆነው ትልቁ ማሽን ዘንድ ደረሰ፤ የሽቦ መቁረጫውን አነሳ። ያኔ መብራት የጠፋው እዚህ ላይ ነው። እቴነሽ ዓይኗን ጨፈነች፣ ፍንዳታውን ስትሰማ ግን መልሳ ገለጠችው።

ሰውየው ሽቦውን ቆርጦ ኖሯል። ማሽኑ ፈነዳ፤ ሰውየውም አብሮ ፈነዳ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ የፈረንጅ ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣ ጀመር።

«አለቀ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ምን ያልቃል! ተቆርጧል እንጂ!» ጅብሪል ብድግ አለ። «ዚያድ፣ ሙሉው የታለ? ሰውየው ማሽኑን 'እናትህ ማን ናት?' ብሎ ሲጠይቀውስ? ማሽኑ እናት እንደሌለው ሲገባው፣ አልቅሶ አልቅሶ በገዛ እንባው ሲዝግስ?»

«ሰውየው አገሩ ገብቶ ከራሱ ተዝካር ላይ ሲደርስስ?» አሉ ሌሎች።

«ፊልሙ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም» አለ ዚያድ። «ደግሞ ፈረንጅ ከመቼ ወዲህ ነው ተዝካር የሚያወጣው?»

«የነሱ ተዝካር ሌላ ነው!» አሉት ሦስት ሰዎች ባንድ ድምፅ። አንዱማ «ኢንተርኔት ላይ ሲጭኑት ዳታ ለመቆጠብ ቆርጠውታል» ሲል በርካታ ራስ ተነቀነቀለት።

እቴነሽ ለማፈር ተዘጋጅታ ነበር፤ የመጣባት ግን ሌላ ነው። ይሄ ነው መጨረሻው? ያን ሁሉ ብረት አቅልጠው፣ ያን ሁሉ ግመል አስሩጠው፣ ቧ ብሎ ሊቀር? የሷ ይበልጣል! ሃያ ዓመት እንደ ነውር ስትሸሽገው የኖረችው ነገር ሙያ ኖሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ መታወቅ አማራት፤ በጣም አማራት።

«እኔ ነኝ!» አለች ተነሥታ። «ማሽኑን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን ከተዝካሩ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የዚህን ፊልም መጨረሻ ከዛሬ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሁሉንም ያወጣሁት ከራሴ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ተጨበጨበላት።

«ማርያምን እውነቴን ነው!»

«አቦ ተይን» አለ ጅብሪል፣ በፍቅር ክንዷን ይዞ። «እንዲህ ያለ ነገር ከራስሽ ማውጣት ብትችይ፣ መናኸሪያ ቁጭ ብለሽ የቦርደዴ ትኬት ትቆርጪ ነበር?»

ይህ ቃል ወጋት። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት መልስ አታጣም ነበር። ስትዋሽ ያመናት ከተማ፣ እውነቱን የተናገረች ዕለት ሳቀባት።

ያወጣሁት እኔ ከሆንኩ ልለውጠውም እችላለሁ፣ ያኔ ያምኑኛል ብላ ማይኩን ከዚያድ እጅ ቀማች። ከማሽኑ ልቅሶ ጀምራ ሰውየውን ደጁ ድረስ አመጣችውና፣ ሆን ብላ፣ «ሲደርስ ሚስቱ ሌላ ልታገባ ኖሮ ሠርጓ ላይ ደረሰ» አለች።

«ኧረ!» አለ አዳራሹ። «የምን ሠርግ! ተዝካሩ ላይ ነው!»

«ሠርግ ነው እያልኳችሁ! የኔ ነው፣ እንደፈለግሁ አደርገዋለሁ!»

«ረስታው ነው» አለች አንዲት ሴት በሐዘኔታ። «አይፈረድባትም፣ ዕድሜም አለ።»

ጅብሪል ማይኩን ቀስ ብሎ ወሰደባት። «እኔ ላስታውስሽ። ልክ አንቺ እንደነገርሽን ነው የምነግርሽ።»

ነገራት። ሰውየው የማርስን አቧራ እንደለበሰ ሲደርስ ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ይበላል። ቄሱ ስሙን ጠርተው «ነፍስ ይማር» ሲሉ እሱ ከበሩ ላይ «አሜን» አለ። ቄሱ ብርጭቋቸውን ጥለው በጓሮ ወጡ። አዳራሹ ቃል በቃል አብሮት ይል ነበር፤ እቴነሽም ሳታስበው ሳቀች።

«ሚስቱ ግን አልጮኸችም» አለ ጅብሪል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእግር እስከ ራሱ አየችው። 'በል እጅህን ታጠብና ተቀመጥ፤ ስላንተ የተደገሰውን ሰው ሊጨርስብህ ነው' አለችው።»

ዓይኑን የጠረገ ሰው ነበር። እቴነሽ ክው አለች። ይህን እሷ አላለችም። በ1995ም አላለችም፣ ከዚያም ወዲህ። ይህ ሚኤሶና ቦርደዴ መካከል፣ መሪ እንደጨበጠ፣ ከጅብሪል ከራሱ የወጣ ቃል ነው፤ እሱ ግን የሷ ነው ብሎ ከልቡ ያምናል። ከታሪኩ ሁሉ የሚያምረው ደግሞ ይኸው ቃል ነው። ቅናት ያዛት።

«አሁን ትዝ አለሽ?» አላት ጅብሪል። «እንዲህ አልነበር ያልሽን?»

እቴነሽ ልትክድ አፏን ከፈተች። ሰዉ ሁሉ ያያታል።

«አዎ» አለች፣ ማይኩን ከእጁ መልሳ እየወሰደች። «እንዲህ ነበር ያልኩት።»