ማንም ያላዘዘው ሞት

«በምን ሞተ ልበል?» አለች ብርቄ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች። «ነገ ሠልስት ነው። አገሩ ሁሉ አፌን ሊያይ ይመጣል። ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ።»

አዛለች ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች። አባቷን አቶ ሽባባውን የቀበረችው ትናንት ነው። ከቤት ውስጥ የለቀስተኛው ጉርምርምታ ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች ከጓሮው እንሰት ሥር ቆመዋል።

ብርቄ በቡታጅራ ዙሪያ አቻ የሌላት አልቃሽ ናት። የሙሾዋ ወግ ግን ጥብቅ ነበር፤ የሟቹን አሟሟት ከሌላ ሰው አትቀበልም፤ ነፍሱ ስትወጣ ከራስጌው ከነበረው ሰው አፍ ትወስዳለች እንጂ። ከአቶ ሽባባው ራስጌ የነበረችው ደግሞ አዛለች ብቻ ናት።

ቀድሞ ቢሆን ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው «በምን ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዕድሜው ደረሰ፣ ተጠራ ይባልና ይታለፋል። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን አንዱ በገበያ ቀን ተሰቀለ፤ ሌላው በገዛ ደጁ ተረሸነ፤ ሞት ሁሉ ገዳይ ያለው መሰለ። ስለዚህ ሊያስተዛዝን የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ «በምን?» ይላል። «በአልጋው» ሲባል ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ ነው ሹክሹክታው የሚመጣው። «ከማይጨውም ሳይቆስል ነው የተመለሰው» ያለውን ሰው የአዛለች ታናሽ ወንድም ያረጋል በጆሮው ሰምቶታል።

ያረጋል ከቤት ወጥቶ ወደ ሴቶቹ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴን የጣሊያን ሐኪም በመርፌ ገደለው ይላል።

«ነገርሻት፣ እታለም?»

«አባታችን ለፈንጣጣ የተከተቡት ጥቅምት ላይ ነው» አለች አዛለች። «የጥቅምት መርፌ ግንቦት ላይ ይገድላል?»

«ማን ወር ይቆጥራል? አያታችን በጦር፣ አጎታችን በጥይት። አባታችን ብቻ እንደ ባልቴት በአልጋው ይሙት? ለልጆቼ ምን ልበላቸው?»

«ባልቴት ምን አደረገችህ?» አለች ብርቄ። «መርፌውን የመረጣችሁ እንደሁ ግጥሙ ተሰናድቷል፤ ስሙኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወረደችው።

*ፊት ለፊት ቢያቅተው በጦር ሜዳ ውሎ፣*
*በመርፌ ገደለው መድኃኒት ነው ብሎ።*

የያረጋል ዓይን እንባ አቀረረ። «ይኸው! ይኸ ነው የአባቴ ሙሾ!»

«ማማሩንማ ያምራል። ግን አንተ ከራስጌው አልነበርክም» አለችና ፊቷን ወደ አዛለች መለሰች።

አዛለች ያየችውን አሰበች። አባቷ በማለዳ እዚሁ እንሰት ሥር አረም ሲነቅሉ ቆዩና ደከመኝ ብለው ገቡ። ወተት ሰጠቻቸው፤ ጠጡ። «ዝናቡ ጀመረ?» አሉ። «አልጀመረም» አለቻቸው። «ይመጣል» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሞታቸው ያ ብቻ ነበር። ይህን በሰው ፊት ማውጣት አባቷን ማሳነስ መሰላት። የወንድሟ ውሸት ደግሞ ያማረ ነበር። «እሺ፣ እንግዲህ...» ብላ ጀመረች።

በዚህ መካከል ሳሌሃ በጓሮው በር ገባች። ሳሌሃ የአገሬው የመስቃን ሰው ናት፤ ልጇ ሙስተፋ ከአቶ ሽባባው ጋር ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም።

«አላህ ያጽናችሁ፣ ልጆቼ። ደጅ ላይ በመርፌ ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

ያረጋል «አዎን» አለ። አዛለች መሬት መሬት አየች። ሳሌሃም የእሷን ፊት አይታ እውነቱን ዐወቀች።

«አባትሽ ከዘመቻ በተመለሰ ጊዜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሌሎቹ ተመላሾች ለየእናቱ ‹ልጅሽ መትረየስ ላይ ዘሎ ሞተ› ይሉ ነበር። እሱ ግን እኔ ደጅ ቆሞ ‹ሙስተፋ በንዳድ ታሞ ሞተ› አለኝ። የሰው ልጅ በጀግንነት፣ የኔ በንዳድ! ውጣልኝ አልኩት። አልወጣም። ተቆጣሁ፤ ሰደብኩት። እሱ ከደጄ አልነቃነቅ አለ።»

«ከዚያስ?» አለች አዛለች። ይህን ነገር አባቷ ነግረዋት አያውቁም። ስለዚያ ዘመቻ ከአፋቸው የወጣው «መንገዱ ረጅም ነበር» የሚል ብቻ ነው።

«ስድቤን ስጨርስ ነገረኝ። ከአሸንጌ ሐይቅ ወዲህ፣ ያ መርዝ ከአውሮፕላን እየዘነበ፣ ልጄን በጀርባው አዝሎት ነበር። ውኃ ሲያጠጣው ሙስተፋ ‹እናቴ ጎመኑን ትከልለው፣ ፍየል ይጨርስባታል› አለ። ነፍሱ ስትወጣም ዞረን የምንሰግድበት ቂብላ በየት በኩል እንደሆነ አንድ የጨው ነጋዴ ጠይቆ፣ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ በሳንጃ ቆፍሮ ቀበረው። እሱ ክርስቲያኑ! መትረየስ ላይ የዘለለው ልጅ እናት ይህ አላት? የላትም። እኔ አለኝ። ልጄ የሰው ሞት ሞተልኝ።»

«እማማ ሳሌሃ» አለ ያረጋል፣ «የእኛ ሌላ ነው። የአባቴ ስም...»

«ስሙን አንተ ነህ ለእኔ የምትነግረኝ? ስማኝ። ጣሊያን በዚህ አገር ያላዘዘው ምን ቀረ? ገበያችንን አዘዘ፣ መንገዳችንን አዘዘ፣ ማን መቼ እንደሚሞት አዘዘ። በሽባባው ላይ ግን አላዘዘም። ያመለጠውን አንድ ሞት አንተ ተሸክመህ ልታስረክበው ነው?»

ያረጋል የእህቱን ፊት አየ።

አዛለች ወደ አልቃሿ ዞረች። «እማማ ብርቄ፣ እኔ እንዳየሁት ይበሉት። አረም ሲነቅሉ ቆይተው፣ ወተት ጠጥተው፣ ስለ ዝናብ ጠይቀው ነው የሞቱት።»

«ሥራ አበዛሽብኝ!» አለች ብርቄ። «ገዳይ በሌለበት ሙሾ ማን ይረገማል? በማን ይዛታል?» ወዲያው ግን ግጥም እየፈለገች ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ሰዉ በደጁ ሜዳ ላይ ክብ ሠራ። በሠልስት ቀን የወንድ ጠመንጃውና ጋሻው ወጥቶ በመካከል ይዞራል፤ ሕዝቡም እሱን እያየ ያለቅሳል። የአቶ ሽባባውን ጠመንጃ ጣሊያን ወስዶታል። ያረጋል ባዶ እጁን ከክቡ ዳር ቆመ። ብርቄ ወደ መካከል ገባች።

*ጥይት አላገኘው፣ ገመድ አልደረሰው፣*
*የሰጠው ጌታ ነው ነፍሱን የመለሰው።*

ለቅሶ አልተነሣም። ሰው ሁሉ የሰማውን እየመዘነ እርስ በርሱ ተያየ።  ከዚያ፣ ሁለት ልጆቹ የተሰቀሉበት አንድ ሽማግሌ፣ «ታድሎ!» ብሎ በረጅሙ አለቀሰ። «ታድሎ! ታድሎ!» እያሉ ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ሜዳው በለቅሶ ተሞላ።

አዛለች ወደ ቤት ገባች። አባቷ የተኙበትን አጎዛ በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች፤ ጠመንጃ በሚዞርበት ቦታ አዞረችውና በመካከል አነጠፈችው። ጠጉሩ በአንድ በኩል፣ በአባቷ ትከሻና ዳሌ ልክ ተኝቷል።

ያረጋል ከዳር መጣና ተንበረከከ። የተኛውን ጠጉር በመዳፉ ሊያነሣ ጀመረ፤ ወዲያው እጁን ሰበሰበና እንደነበረ ተወው።