የቀኙ ስፒከር

ከሌዘር ዲስክ ማጫወቻው ጀርባ ተንበርክኮ ቀዩንና ነጩን ሽቦ ሲያቀያይር ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች።

"አሁንም እሱ ላይ ነህ? ምሳው እኮ ቀዘቀዘ።"

"በቀኝ በኩል ድምፁ ታፍኗል። አምስት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።"

"የአንተን አምስት ደቂቃማ አውቀዋለሁ!" ብላ ተመለሰች።

ማጫወቻውን ያመጣው የሚሠራበት ቲያትር ቤት ዕቃ ክፍሉን ባጸዳ ጊዜ ነው። በቲያትር ቤቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ተቆጣጥሯል፤ ባልደረቦቹ "ጆሮው" ይሉታል። ተዋናይ ጉንፋን ሊይዘው ሲል ከራሱ ከተዋናዩ ቀድሞ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። እንደ ሸክላ የሚሰፋው ዲስክ የኦርኬስትራ ዝግጅት ነው፤ ሁለተኛው ዜማ መሃል፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ቃጭል ሦስት ጊዜ ትመታለች። እሷን አጥርቶ የማያሰማ መሣሪያ ለእሱ ከባዶ ሳጥን አይሻልም። ዛሬ ቃጭሏ ከግድግዳ ማዶ የምትመታ ትመስላለች።

ሽቦዎቹን አቀያይሮ ዲስኩን አስጀመረ። ቃጭሏ በግራው ስፒከር ጥርት ብላ መጣች። ደስ አለው። ማጫወቻው ደህና ነው ማለት ነው፤ ጥፋተኛው የቀኙ ስፒከር ነው። ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰና ሁለቱን ከባድ ስፒከሮች እያቃሰተ አለዋወጣቸው። የግራው ወደ ቀኝ መጣ። ቃጭሏ እንደገና ታፈነች።

ወገቡን ይዞ ቆመ። ስፒከሩም አይደለም፤ የቀረው በመካከል ያለው የድምፅ ማጉያ ሳጥን ነው።

"አምፕሊፋየሩ ነው!" አለ ጮክ ብሎ፣ ለራሱም ጭምር።

"ምኑ ነው የተበላሸው?" አለች ሚስቱ ከማድ ቤት። "ቃጭሏ እኮ እዚህ ድረስ ኩልል ብላ ትሰማኛለች።"

ክው አለ።

አንድ ሙከራ ይቀረዋል። አዲስ ለተቀጠሩ ባለሙያዎች በቀልድ የሚያስተምራት ነች፤ "መሣሪያውን ከመክሰሳችሁ በፊት ወንበራችሁን አዙሩ" ይላቸዋል፤ እነሱም ይስቃሉ። እሱ ግን አንድም ቀን የራሱን ወንበር አዙሮ አያውቅም።

አዞረው። ጀርባውን ለስፒከሮቹ ሰጥቶ ሲቀመጥ የቀኙ ስፒከር በግራ ጆሮው በኩል ሆነ። ሪሞቱ ጭኑ ላይ ነው፤ ማስቆም ይችል ነበር። አላስቆመም። ቃጭሏ መጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ድሮዋ ጥርት ብላ ተሰማች።

ፈራ። የታፈነው የራሱ ቀኝ ጆሮ ነው። ሚስቱ ስንት ወር ሙሉ "ስጠራህ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ" ስትለው እንደ ንዝንዝ ቆጥሮባት ነበር። ባለፈው ሳምንት በልምምድ ላይ አንዷ ተዋናይ "ሙዚቃው እኮ ድምፄን ዋጠው" ብትል ስቆባታል። ነገ አዲሱ ቲያትር ይከፈታል። አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል፤ መቆጣጠሪያው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ጆሮው ከሄደ "ጆሮው" ምን ሊሠራ ነው? ሌላ ሙያ አያውቅም።

ሚስቱ እጇን እየጠራረገች መጣች። ወደ ግድግዳው ዞሮ ስታየው ገረማት።

"ምነው፣ ከማሽኑ ጋር ተኳረፋችሁ እንዴ?"

አልሳቀም።

"ይልቅ አርጅቷል በለውና ተገላገል" አለች። "ዕቃ አይደል? ማርጀቱ አይቀርም።"

"አዎ፣ አር..." ብሎ ጀመረ። እንዴት ቀላል ነበር! ነገም ማይክሮፎኑ ነው ሊል ነው፤ ከነገ ወዲያ አዳራሹ፣ ከዚያም አዲሶቹ ባለሙያዎች ሽቦ አሳስተው ነው ሊል ነው። እስኪደረስበት ድረስ።

ዲስኩን አቆመው።

"ማሽኑ ምንም አልሆነም" አለ። "ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ።"

ፊቱን አይታ ደነገጠች። ወንበር ስባ በቀኙ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን ያዛት።

"በዚያ አይደለም" አላት፤ "በግራዬ ሁኚ። የምትይኝን መስማት እፈልጋለሁ።"