ጥቁር ካባ ላይ ነጭ ፀጉር

ድመቷ ራሷ ብትመዘን ከሦስት ኪሎ አታልፍም። ፀጉሯ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ኩንታል ይሞላል! ሶፋው ላይ ፀጉር፣ መጋረጃው ላይ ፀጉር፣ የጥርስ ብሩሽ ላይ ሳይቀር ፀጉር። ነጭ ናት፣ እንደተነደፈ ጥጥ ትቦናለች፣ ስለዚህ ስሟ ጥጥዬ ነው። እና ይህቺ ጥጥዬ የምትኖረው የት መሰላችሁ? ልብስ ሰፊ ቤት! ከዓለም ላይ ቤት ጠፍቶ!

የልብስ ሰፊዋ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ «ቀዥቃዣ» ነው የምትላት። ስትራመድ ትሮጣለች፣ ስታወራ አትተነፍስም፣ ምስጢር ደግሞ ሆዷ ውስጥ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ጥጥዬን ከአጥር ሥር አንስታ፣ በካልሲ ጠቅልላ ያመጣቻት እሷ ናት። እናትየው ያኔ «ለሦስት ቀን ብቻ!» ብላ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት።

እናትየው በሁለት ነገር ቀልድ አታውቅም። አንዱ ሥራዋ ነው። የተጣመመ ስፌት ካየች ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ታድራለች። ሁለተኛው ሽበቷ ነው። ጆሮ ግንዷ ላይ ብቅ ካለባት ቀን ጀምሮ ሻሽ ከራሷ ወርዶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሻሿ ሸርተት ብሎ ያየባት ወንድሟ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ «እህቴ፣ በረዶ ጣለብሽ እንዴ?» ብሏት ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፋዋለች። ሁለት ሳምንት!

ጉዱ የመጣው ሰኞ ከሰዓት ነው። ዳኛዋ፣ የእናትየው ትልቋ ደንበኛ፣ እዚሁ ያሰፋችውን ጥቁር ካባ በክንዷ አንጠልጥላ ገባችና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«እስቲ ተመልከቺልኝ።»

አዩ። ከጉልበቱ በላይ ነጭ ፀጉር ተለጥፎበታል፣ ያውም አንድ ሁለት አይደለም።

«ዛሬ ጠዋት ችሎት ላይ ነኝ» አለች ዳኛዋ፣ «የተከሳሹ ጠበቃ ያስነጥሳል። አሁንም ያስነጥሳል። በአራተኛው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። የድመት ፀጉር አይስማማውም አሉ። ስንት ዓመት ስዳኝ በድመት የተቋረጠ ችሎት አይቼ አላውቅም!»

ቀዥቃዣዋ ሳቋን ልትለቀው ስትል የእናቷን ፊት አየች። ሳቁ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። እናትየው እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። ሁለተኛ አይደገምም።»

«ለባልደረቦቼ የታዘዙት ሦስቱ ካባዎች ለዓርብ ናቸው። ሙያሽን እወደዋለሁ። ግን አንዲት ፀጉር፣ አንዲት ብቻ ካየሁ፣ ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ።»

በሩ እንደተዘጋ እናትየው ስልኳን አነሳችና ወንድሟ ጋ ደወለች። «ቅዳሜ ካርቶን ይዘህ ና። ድመቷን መጋዘን ትወስዳታለህ፤ አይጥ አስቸገረን ስትል አልነበር?»

«እማ!» አለች ልጅቷ። «እማ፣ እማ፣ እማ! እስከ ዓርብ ጊዜ ስጪኝ! እኔ አጸዳለሁ፣ እኔ አበጥራለሁ፣ ካባዎቹ ላይ አንዲት ፀጉር ከተገኘች በራሴ እጅ ካርቶን ውስጥ እከታታለሁ!»

እናትየው ክሩን በጥርሷ በጠስ አደረገች። ከዚያ «አንዲት» አለች። «ሰምተሻል? አንዲት።»

እንግዲህ ጀመረች! ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ጥጥዬን በሳሙና ማጠብ ነው። ወይ ጣጣ! ክንዷ ከክርን እስከ ጣት ተቧጠጠ፣ ጥጥዬ እርጥብ በእርጥብ ሆና ሶፋው ሥር ገባች፣ ስትደርቅ ደግሞ ፀጉሩ ባሰበት! የተቧጠጠ ክንዷን ይዛ ሁለት መንገድ ተሻግራ ያለው የእንስሳት ሐኪም ጋ ሮጠች።

«ዶክተር፣ ፀጉር መርገፍ የሚያቆም መርፌ የለም?»

«ወሬ የሚያቆም መርፌ አግኚልኝና ለራስሽ ተወግተሽ ነይ፣ ከዚያ ለሷ እፈልጋለሁ» አለ ሐኪሙ፣ ክንዷን በአልኮል እየጠረገ። «ድመት ፀጉሯ አይቆምም፣ የኔ ልጅ፤ ይቀንሳል እንጂ። አዘውትረሽ ካጠብሻት ቆዳዋ ይደርቅና ይብሳል። በየቀኑ አበጥሪያት። ወደ ተኛበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብለሽ፣ ውጭ አውጥተሽ። ውሃ አይጥፋባት። ማበጠሪያው ላይ የቀረ ልብስ ላይ አያርፍም፣ ሌላ ተአምር የለውም።»

«የተለጠፈውስ?»

«ዕቃ የምታጥቢበት የጎማ ጓንት አለሽ? ውሃ ነክሪው፣ አራግፊው፣ በአንድ አቅጣጫ ሳብ ሳብ አድርጊ።»

እናንተዬ፣ ይሄ ጓንት! ቤት ገብታ ሶፋው ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርገው ፀጉሩ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ መጣ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሳብ። ሶፋው ግራጫ መስሏት ነበር እኮ፣ ለካ ሰማያዊ ነው! ስትጨርስ የተሰበሰበው ፀጉር ሁለተኛ ድመት ያወጣ ነበር። ጥጥዬም መጥታ አሸተተችውና ተቆጣችው። ከዚያ ደጅ አውጥታ አበጠረቻት። መጀመሪያ ተኮሳትራ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ በጀርባዋ ተንጋለለችና ሆዷን ሰጠች።

መጨረሻ ላይ ልጅቷ አንድ ሕግ አወጣች። እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን ጥጥዬ የሷ ክፍል ውስጥ ትቆለፋለች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረችው። አለቀ! ከዚህ በኋላ ፀጉር በየት በኩል ይመጣል?

መጣ። ረቡዕ ማታ ከተሰቀሉት ካባዎች አንዱን ወደ መስኮቱ ዞር ብታደርገው ከጉልበቱ በላይ አምስት ነጭ ፀጉር! ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው፣ ያውም እዚያው ቦታ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው፣ ታዲያ ድመቷ በግድግዳ ነው የምትወጣው? በጓንቱ ለቅማ ለቅማ ጨረሰችና አልጋዋ ላይ ጥጥዬን አቅፋ «እባክሽ በሞቴ፣ ራስሽን አታስወስጂብኝ» አለቻት። ጥጥዬ አዛጋች።

ሐሙስ የሒሳብ አስተማሪው ቀረና ተማሪው በምሳ ሰዓት ተለቀቀ። ልጅቷ ቤት ደርሳ በጓሮ በኩል ስትዞር የእናቷን ድምፅ ሰማች። ደንበኛ መስሏት በመስኮቱ አጮለቀች።

ደንበኛ የለም። እናትየው የስፌት መኪናዋን አቁማ ምሳዋን ከፊቷ አስቀምጣለች። የአዝራር ቆርቆሮዋ ተከፍቷል፤ አጠገቡ የሚብለጨለጭ ቁልፍ አለ፣ የልጅቷ ክፍል ሁለተኛ ቁልፍ። እና ጭኗ ላይ፣ ለሥራ በምትታጠቀው ጥቁር ሽርጥ ላይ፣ ማን ተጠቅልላ የተኛች ይመስላችኋል?

«እሷ እንደሆነች ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመጣው» ትላለች እናትየው፣ ጥጥዬን ከጆሮዋ ኋላ እያከከች። «መኪናው ይንቀጫቀጫል እንጂ መልስ አይሰጥ። ቀኑ እንዴት ይረዝማል መሰለሽ። እንግዲህ ቅዳሜ ስትሄጂ እኔ ከማን ጋር ልበላ ነው?» ከምግቧ ቆንጥራ አቀረበችላት። «ብዪ እንጂ። ሥራዬን ልታስቀሪብኝ ነበር እኮ፣ አንቺ ሌባ። ብዪ።»

ልጅቷ እዚያው መስኮቱ ሥር ቁጭ አለች። ሁሉም ነገር ገባት። እናቷ የካባውን ጠርዝ በእጅ ስትሰፋ ጨርቁን ጭኗ ላይ ነው የምትዘረጋው። ፀጉሩ ከድመቷ ወደ ሽርጡ፣ ከሽርጡ ወደ ካባው!

በሌላ ቀን ቢሆን በሩን በርግዳ ገብታ «ያዝኩሽ!» ብላ ሠፈሩን ታሰማ ነበር። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የእናቷ ድምፅ እንዲህ ሲሆን ሰምታ አታውቅም፤ ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ የሚመስል። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ተነስታ በጣቷ ተራምዳ ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞረችና ጉሮሮዋን እንደ ሽማግሌ ጠራረገች፣ በሩን በእግሯ መታች፣ የማታውቀውን ዘፈን አንባረቀች፣ ቁልፍ የጠፋባት መስላ ቦርሳዋን ዘረገፈች። ስትገባ እናትየው አጎንብሳ እየሰፋች ነው። አገጯ ላይ አንዲት ነጭ ፀጉር አለች።

«ጥጥዬስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ክፍልሽ ቆልፈሽባት የለም እንዴ?»

«አዎ ለካ» አለች ልጅቷ።

ዓርብ በማለዳ፣ እናቷ ሳትነሳ፣ መርፌ የማትወደው ልጅ መርፌ ያዘች። ከቁርጥራጮቹ መሃል ነጭ ጨርቅ መርጣ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር የጭን ልብስ ሰፋች፤ ለኪሱ ብቻ ሦስት ጊዜ ጣቷን ወጋች። ኪሱ ውስጥ የጎማ ጓንቱን ከተተች። ከዚያ ጥቁሩን ሽርጥ እስከ መጨረሻዋ ፀጉር አጽድታ ሁለቱን ጎን ለጎን እናቷ ወንበር ላይ አንጠለጠለቻቸው።

እናትየው መጥታ አየች።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«የጭን ልብስ።»

«ለምን?»

«ለምሳ ሰዓት።»

እናትየው ነጩን ጨርቅ አገላበጠችው፣ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ጆሮዋ ቀላ።

«ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች። ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ኪሱ ግን ጥሩ ቦታ ነው የገባው።»

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ዳኛዋ መጣች። መነጽሯን አድርጋ አንደኛውን ካባ መስኮቱ ጋ ወስዳ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ገበሩንም አየች። ንጹሕ። ሁለተኛው፣ ንጹሕ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ይዛለች። ሦስተኛው። ዳኛዋ እጅጌው ላይ ስትደርስ ቆመች። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አወጣችና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገቻት።

አንዲት። ነጭ።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ካርቶኑ ታያት፣ መጋዘኑ ታያት።

«የኔ ናት» አለ የእናቷ ድምፅ።

ዓይኗን ገለጠች። እናትየው ከወንበሯ ተነስታለች። እጇን ወደ ራሷ ልካ ሻሿን፣ ያንን ለወንድሟ እንኳን የማትገልጠውን ሻሽ፣ ፈታችው። ጎንበስ ብላ ጆሮ ግንዷን አሳየች።

«ሽበት ነው፣ እትዬ። እርጅና እየመጣ አይደል? እጅጌውን ስሰፋ ረግፋ ይሆናል።»

ዳኛዋ በጣቷ የያዘቻትን ፀጉር አየች፣ የእናትየውን ጆሮ ግንድ አየች፣ እንደገና ያቺን ፀጉር አየች። ያቺ ፀጉር እኮ የጣት አንጓ አታክልም! ዳኛዋ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጠማማ ነጭ ጨርቅና ከኪሱ ብቅ ያለውን የጎማ ጓንትም አየች። መነጽሯን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ሽበት ከሆነ» አለች፣ «እኔም አለኝ። በሽበት ሰው አይከሰስም።» ያቺን ፀጉር እፍ አለቻት። «ለወሩ መጨረሻ ሁለት ተጨማሪ እፈልጋለሁ።»

ዳኛዋ ወጥታ ራቀች። ከዚያ ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ጮኸች፣ ዘለለች፣ መቀስ ጣለች።

«እማ! እማ ዋሸሽ! ዳኛ ፊት ዋሸሽ እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ ቀዥቃዣ! ማን ዋሸ? ሽበት የለኝም?» እናትየው ሻሿን መልሳ ለማሰር እጇን አነሳች፤ ከዚያ ትንሽ አሰበችና አጣጥፋ የአዝራር ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ አጎት ካርቶኑን ታቅፎ፣ ክዳኑን በስቶ አየር ማስገቢያ ሠርቶለት፣ ደረሰ። እህቱ ባዶ ራሷን፣ ነጭ ጨርቅ ታጥቃ፣ ጭኗ ላይ ድመት አስተኝታ ስትሰፋ አገኛት። አፉን ከፈተ።

«ስለ ፀጉሬ አንዲት ቃል ብትተነፍስ!» አለችው።

«እኔ ምን አልኩ? ድመቷን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«የምን ድመት?» አለች እናትየው፣ ጥጥዬን ወደ ራሷ ሳብ እያደረገች። «ካርቶኑን ግን ተውልኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ አጠራቅምበታለሁ።»