የባርኮት ትከሻ

ልጄ ባርኮት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጡንቻዋ ከዓመት ዓመት እየደከመ የሚሄድ ሕመም አለባት፤ መድኃኒት የለውም አሉን። ኤረር በር አጠገብ ባለች አንዲት አዳራሽ ግን ለይላ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንደሷ ያሉ ልጆችን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከበሮ እየመታች እስክስታ ታስጨፍራለች። ሚዶ ማንሳት ያቃታት ልጄ በሦስት ወር ፀጉሯን ራሷ አበጠረች። ደስታዬ ልክ አጣ።

እኔ ሃያ ዓመት ምልምል ያሠለጠንኩ ሃምሳ አለቃ ነኝ። የማውቀው ሕግ አንድ ነው፤ ሲደክምህ ጨምር። ለይላ «ከበሮው ሲቆም ይረፉ፤ ቤት ውስጥ አትድገሙት» ስትለን በሆዴ ሳቅሁባት። ስንፍና ታስተምራለች አልኩ። ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈራችን፣ ቤታችን ደጅ ላይ፣ ጠዋትና ከሰዓት «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ አስጨፈርኳት።

«አባዬ፣ ትከሻዬ ዛለ» ስትለኝ፣ «የዛለ ነው የሚጠነክረው» አልኳት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ አቆም ነበር እላለሁ፤ ይህንንም የምለው ራሴን ለማጽናናት ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ ክንዷ አልነሳ አላት። ለይላ ትከሻዋን ስትዳስሰው ባርኮት ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ከልኩ በላይ የሠራ ጡንቻ ነው» አለች ለይላ። «የእነዚህ ልጆች ጡንቻ ከተጎዳ ላይመለስ ይችላል። ሃምሳ አለቃ፣ ቤት ውስጥ ያሠሯት ነበር እንዴ?»

ጦር ሜዳ ያልፈራሁ ሰው አንዲት ሴት ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አለች ባርኮት። «ተደብቄ ስጨፍር ነበር። አባዬ አያውቅም።»

«ወላሂ፣ አንቺን አምኜሽ ነበር» ብላ ለይላ ተቆጣቻት። «እንግዲህ አንድ ወር ሙሉ አትጨፍሪም።»

ልጄ በእኔ ጥፋት ስትወቀስ ኮፍያዬን በእጄ እያሽከረከርኩ ቆሜ ሰማሁ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አዝያት ወደ ባጃጁ ስሄድ ክንዶቿ አንገቴን አጥብቀው መያዝ አልቻሉም። ትናንት ይችሉ ነበር።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«አንተን ከተቆጣችህ ሁለተኛ አታመጣኝም ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው፤ አላመጣትም ነበር። ኩራቴን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

«ብትሰድበኝም አመጣሻለሁ» አልኳትና እንዳዘልኳት ተመለስኩ። ለይላ ፊት ስደርስ ግን እንደ ምልምል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባርኮት ከጀርባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንገራት» አለችኝ።