በኦርቮኪ ጀልባ ውስጥ የገባው ፈሳሽ

ታይስቶ ሐሙስ ረፋድ ላይ የዕቃ ቤቱን በር የከፈተው መዶሻ ፍለጋ ነበር። ያገኘው ግን ጥግ ላይ የቆመ ሮዝ ጀሪካን ነው። ክዳኑ እንደታሸገ፣ እንዳልተነካ።

ቁጢጥ ብሎ ትክ ብሎ አየው። እዚህ መገኘት አልነበረበትም።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አርባ ዓመት መርከብ መሥሪያ ውስጥ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሯል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጥቅምት በመጣ ቁጥር የሰፈሩን የጀልባ ክበብ ጀልባዎች ለበረዶው ክረምት የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ጀልባ ወደ ደረቅ መሬት ከወጣ በኋላ ቧንቧው ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ፓምፑንም ሞተሩንም ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውሃውን አሟጦ አፍስሶ፣ በምትኩ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ ይሞላል። ሮዙ ለመጠጥ ውሃው መስመር ነው፤ ሰው አይጎዳም። አረንጓዴው ለሞተሩ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ራሱ መርዝ።

ዘንድሮ ለዘጠኝ ጀልባ ዘጠኝ ሮዝ ጀሪካን ገዝቷል። ዘጠኙንም ጀልባ ማክሰኞ ጨርሷል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? የተረፉትን አረንጓዴዎች ቆጠረ። ሦስት መሆን ነበረባቸው፤ ሁለት ናቸው። በአንዱ ጀልባ የመጠጥ ውሃ መስመር ውስጥ አረንጓዴው ገብቷል ማለት ነው።

የመጨረሻዋ ጀልባ የክበቡ አባል የኦርቮኪ ነበረች። ማክሰኞን ለማስታወስ ሞከረ። ሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ትዝ አለው። መሰላሉን መውጣቱም ትዝ አለው። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆንበት ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም። በበጋው ሙቀት፣ በሐምሌ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የአማቹ ስም ጠፍቶበታል፤ አንዴ ደግሞ ወደ ገዛ ቤቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ አልፎ ሄዷል። ለማንም አልተናገረም።

ሌሎቹ ጀልባዎች ጋ እስከ ጸደይ ማንም ዝር አይልም። ኦርቮኪ ግን ባሏ ካረፈ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በደረቅ መሬት የቆመች ጀልባዋ ላይ ወጥታ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ የቃላት እንቆቅልሿን ትሞላለች። ሰዓቱን አየ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ደወለላት፤ አታነሳም። ደገመ፤ አታነሳም።

ሚስቱ ኪሊኪ ከወጥ ቤት መስኮት ብቅ አለች። «ወዴት ነው? የአተር ሾርባው ደርሷል እኮ!»

«መዶሻ ልገዛ።»

«በሾርባ ሰዓት?»

መኪናውን አስነሳ።

መንገዱ ላይ ለከብት መኖ የሚሆን ስኳር ድንች መሳይ ሥር የጫነ ትራክተር ከፊቱ ገብቶ ይንፏቀቅ ጀመር። በዕድሜው ጥሩምባ ነፍቶ የማያውቀው ታይስቶ፣ ነፋ። ገበሬው በመስኮት እጁን አውጥቶ «ሰማይ ላይ ውጣና እለፍ» የሚል ምልክት አሳየው። እንደገና ደወለ። አታነሳም። መሪውን የያዙት ጣቶቹ አላርፍ ብለው ይደበድቡት ነበር።

የክበቡ ግቢ ሲደርስ የመኪናውን በር እንኳ አልዘጋም። በተሸፈኑት ጀልባዎች መካከል እየሮጠ፣ ሮጠ ከተባለ፣ ወደ ኦርቮኪ ጀልባ ሄደ። መሰላሉ ተደግፏል። የጀልባዋ ጓዳ መስታወት በእንፋሎት ደብዝዟል። ወጥቶ በሩን በረገደው።

«ኦርቮኪ! እንዳትጠጪ!»

ኦርቮኪ ስኒዋን ከንፈሯ ጫፍ ላይ እንደያዘች ዞር አለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ውሃውን ከየት ቀዳሽው?»

በመነጽሯ ላይ አየችውና አጠገቧ ያለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በእርሳሷ ጠቆመች። «ከቤቴ ነዋ። በየዓመቱ ውሃዬን የምትዘጋብኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ወደ ጓዳው በሚወርደው ደረጃ ላይ ዘጭ አለ።

«ወረቀት መስለሃል» አለችው። «ስኳር ላብዛልህ?»

ተነሥቶ ብርጭቆ አነሣና ቧንቧውን ከፈተ። ፓምፑ አጉረመረመ፣ ሁለቴ አሳለው፣ ከዚያ ፈሳሹ መጣ። አረንጓዴ።

ኦርቮኪ ሠላሳ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ሠርታለች። ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ይሄ የሞተሩ ነው።»

«አዎ።»

«ይሄን የጠጣ መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል። ከዚያ ኩላሊቱ...» አለችና ተወችው። ብርጭቆውን በጥንቃቄ አስቀመጠች።

ሱቁ ነው የተሳሳተው ሊል ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ማክሰኞ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ጭራሽ።» ይህ ከወጣ በኋላ የቀረውም ተከታትሎ ወጣ፤ የአማቹ ስም፣ መታጠፊያው፣ ሁሉም።

ኦርቮኪ ከንፈሯን አልመጠጠችለትም። «ለኪሊኪ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ለሐኪምስ?»

«ኪሊኪ ሳታውቅ? ቀጠሮ የምትይዝልኝ እኮ እሷ ናት።»

«እንግዲህ የመጀመሪያዋ ሰሚ እኔ ነኝ። ክብር ነው። በል አሁን እጅጌህን ሰብስብ።»

መርዙን መሬት ላይ ማፍሰስ አይቻልም። ከመጠጥ ውሃው ታንከር ሥር የማፍሰሻ ክዳኑን ፈትተው በባልዲ በባልዲ እየቀዱ ግቢው ጫፍ ወዳለው የቆሻሻ ዘይት በርሜል ወሰዱት። የክበቡ ውሃ ገና አልተዘጋም ነበርና በረጅም የውሃ ጎማ ታንከሩን ሦስት ጊዜ ሞልተው ሦስት ጊዜ አጠቡት። ኦርቮኪ የሥራውን ቅደም ተከተል በእንቆቅልሽ ጋዜጣዋ ጀርባ ላይ ጽፋ አንድ በአንድ ትጠራለች።

«የወጥ ቤቱ ቧንቧ!»

«ተከፍቷል።»

«የመታጠቢያው!»

«ተከፍቷል።»

«ቀለሙስ?»

«ንጹሕ ነው። ቢሆንም በጸደይ ቱቦውን በሙሉ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ ጠብታ እንዳትጠጪ።»

«ደግሞ ለእኔ ትነግረኛለህ!»

መጨረሻ ላይ ሮዙን ሞሉት። ኦርቮኪ ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አንብባ ነው ያስከፈተችው።

ከዚያ ታይስቶ ጀልባው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ለቀሩት ስምንት ጀልባዎች ባለቤቶች እየደወለ የሆነውን ነገራቸው። ሰባቱ በደግ ቃል ሰሙት። ስምንተኛው፣ ኢርያና የሚባለው፣ ጮኸበት። «የልጅ ልጆቼ ናቸው ከዚያ የሚጠጡት! ካልቻልክ ለምን አትተወውም?»

«ልክ ነህ» አለ ታይስቶ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሣ።

ስምንቱ ጀልባዎች ላይ አንድ በአንድ ወጡ። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ብርጭቆ ትደቅናለች። ሮዝ። ሮዝ። የኢርያናም ሮዝ። ስምንቱም ሮዝ ነበሩ።

ታይስቶ ይቀለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልቀለለውም። እጆቹ ኪሶቹን ይዳብሳሉ፣ ምን እንደሚፈልጉ ግን እሱም አያውቅም።

ቤት ሲገባ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። ኪሊኪ ሾርባውን ለሁለተኛ ጊዜ አሙቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ቆሞ ነገራት።

«ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ» አለችው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ።» ማንኪያውን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «ኧረ ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው።»

በማግስቱ ልክ በሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያ ደወለች። ጥሪ ተቀባዩ መሣሪያ «ከፊትዎ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለ። ታይስቶ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ሰውዬ! ወለሉን ጨረስከው።»

«አልቻልኩም።»

ኪሊኪ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችና ይዛው ተነሣች። ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገብታ አብራው ትመላለስ ጀመር። በሩ ጋ ሲደርሱ መሣሪያው «ከፊትዎ ሁለት ሰዎች አሉ» አለ።