የዱሬቲ በር ቁልፍ

በግቢያችን ስሜ ዘርፉ መሆኑን የሚያስታውስ የለም፤ «እሳት አደጋ» ነው የሚሉኝ። ይበሉኝ። መብራት ሲሄድ ስቶቭ ሳያጠፋ ወጥቶ፣ መብራቱ ሲመጣ ቤቱ የነደደበትን እዚሁ አዳማ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር የአምስቱንም ተከራይ በር እየደበደብኩ «ሶኬት ንቀሉ» እላለሁ። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ለሁላችንም አንድ ወጥ።

የገና ዋዜማ ጠዋት ጎረቤቴ ዱሬቲ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ። ዓይኗ በእንቅልፍ ቀልቷል።

«እትዬ ዘርፉ፣ እንደ ልማዳችን ከውጭ ይቆልፉብኝ። በሬ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፤ የግቢው ልጆች እየከፈቱ እንቅልፍ ይነሱኛል። ስምንት ሰዓት ላይ ይቀስቅሱኝ፤ እናቴ ቡልቡላ እየጠበቀችኝ ነው» አለችኝ።

«ተኚ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። ጓጉንቸሩን ቆልፌ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አምስት ሰዓት ላይ የዶሮዬን ሽንኩርት ሳቁላላ መብራት ሄደ። ለበዓል እንኳን አይምሩንም? ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ ዓይኔ አያይም። ድስቱን መሬት አስቀምጬ፣ የያዝኩበትን ጨርቅ ስቶቩ ላይ ወርውሬ፣ እየተራገምኩ ከሰል ልገዛ ወጣሁ። ያን ቀን የማንንም በር አላንኳኳሁም። የራሴንም ሶኬት አልነቀልኩም።

ከሰል ተራው ሰልፍ ነው። ቆመን ቆመን፣ ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት ድንገት መጮህ ጀመረ። «መጣ፣ መጣ» ተባባልን። እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከሰሉን ግን ተመልሶ ቢሄድስ ብዬ ገዛሁ። ስቶቩ ትዝ ያለኝ ከግቢያችን በላይ ጭስ ሳይ ነው።

ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ይደፋል። አከራያችን ጋሽ ገመዳ ልጆቹን አንድ በአንድ አውጥተዋል፤ ፍራሽ ሳይቀር ወጥቷል። የዱሬቲን በር ግን ማንም አልነካውም።

«ዱሬቲስ?» አልኳቸው።

«አገሯ ሄዳለች። ጓጉንቸሩ አይታይሽም?»

ቦርሳዬን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ጓጉንቸሩ ግሎ የእጄን ቆዳ ላጠው፤ ከፈትኩት። ዱሬቲ በሩ ስር ወድቃ ነበር። ስታንኳኳ በዚያ ሁሉ ጩኸት ማንም አልሰማትም።

እናቷ በገና ቀን አስከሬኗን ሊወስዱ መጡ። በሰው መሃል ፈልገው አገኙኝ።

«ሁሌ በስልክ ስለ እርስዎ ታወራልኝ ነበር» አሉኝ። «‹እናቴ፣ አታስቢ፤ ከእሳት የምትጠብቀን ጎረቤት አለችኝ› ትለኝ ነበር።»

ይህን ብለው በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን ሳሙት። ስቶቩ የእኔ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብቻ ወጣኝ።